4 ጊጋ ራም ባለው ርካሽ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ልጫን ወይ?

ጥያቄው፦ «ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ርካሽ ከሚባሉት ነው። ፕሮሰሰሩ ሴሌሮን ኤን4020፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ማከማቻው 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ። አብሮት የመጣው ዊንዶውስ 11 በኤስ ሞድ ነው። ሲከፈት ብዙ ያስጠብቀኛል። አፕዴት ሲመጣ ቦታ የለም ይላል። ሦስት ታብ ከከፈትኩ ቀጥ ይላል። ወንድሜ ‹ሊኑክስ ጫኚበትና ተገላገይ› አለኝ። እውነት ይሻለዋል? ዊንዶውሱን ሳላጠፋ ጎን ለጎን ማድረግስ እችላለሁ? ካልተስማማኝ መመለስ ይቻላል?»

አዎ፣ ይሻለዋል። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ግን በነፃ የሚገኝ ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ዋና ሶፍትዌር) ነው፤ ማሽንሽ በደንብ ይሸከመዋል። «ተገላገይ» የሚለው ቃል ግን ትንሽ በዝቷል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም መቀየር 4 ጊጋውን ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚያዙበትን ጊዜያዊ ማኅደር) 8 አያደርገውም። ሲስተሙ ለራሱ የሚበላውን ይቀንሳል፣ የተረፈውን ላንቺ ይተዋል። ይህን ከወዲሁ ካወቅሽ በኋላ ቅር አይልሽም።

መጀመሪያ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ልንገርሽ። ብዙ ሰው ጥፋቱን ፕሮሰሰሩ ላይ ያላክካል። ኤን4020 እርግጥ አቅሙ ትንሽ ነው። ሁለት ኮር ብቻ አለው፣ ፍጥነቱም ከ1.1 ተነስቶ ሥራ ሲበዛበት 2.8 ጊጋኸርዝ ድረስ ይሄዳል። ሰነድ ለመጻፍና ድረ ገጽ ለማንበብ ግን አያንስም። ማነቆው ያለው ራሙና ማከማቻው መካከል ነው። ዊንዶውስ 11 ምንም ሳትከፍቺበት ከራሙ ከግማሽ በላይ ይይዛል። ብሮውዘር ስትከፍቺ ቀሪው ይሞላል። ራም ሲሞላ ሲስተሙ ትርፉን ወደ ማከማቻው ያወርዳል፣ ሲፈልገው ደግሞ መልሶ ያወጣል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኢኤምኤምሲ የሚሞሪ ካርድ ዘመድ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ቺፕ። በአንድ ጊዜ ወይ ያነባል ወይ ይጽፋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም። የመስመሩ ጣሪያም በሰከንድ 400 ሜጋ ባይት ነው። ተራ የሚባለው የሳታ ኤስኤስዲ እንኳ 550 አካባቢ ይደርሳል። ሦስተኛው ታብ ላይ ቀጥ ሲልብሽ ፕሮሰሰሩ አልደከመም፤ ያችን ቺፕ እየጠበቀ ነው።

ሌላም አለ። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛ ራም 4 ጊጋ፣ ዝቅተኛ ማከማቻ 64 ጊጋ ነው። ያንቺ ማሽን በሁለቱም በኩል ልክ ጠርዙ ላይ ቆሟል። 64 ጊጋውም ቢሆን አምራቾች በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ስትከፍቺው 58 አካባቢ ሆኖ ነው የምታገኚው። አፕዴቱ ቦታ አጣሁ ቢል አይገርምም።

ጎን ለጎን ማድረግን በተመለከተ መልሴ «አትሞክሪው» ነው። በሌላ ማሽን ላይ ቢሆን እሺ እል ነበር። 58 ጊጋ ለሁለት ስታካፍይ ግን ለሁለቱም የማይበቃ ነው የሚሆነው። ዊንዶውሱ አሁን ባለው ቦታ እንኳ አፕዴት መሥራት አቅቶታል፤ ግማሹን ስትወስጂበት ጭራሽ ይቆማል። ሊኑክሱም ትንሽ ቆይቶ ይጣበባል። ከዚያ ሁለት የታመመ ሲስተም ይዘሽ ትቀመጫለሽ። እዚህ ማሽን ላይ ወይ ሙሉ በሙሉ ቀይሪ ወይ አትንኪው።

«አትንኪው» የምልበት አንድ ጉዳይ አለ። ተማሪ ነኝ ብለሻል። ትምህርት ቤትሽ ፈተና የሚሰጠው በልዩ የፈተና መቆጣጠሪያ ብሮውዘር ከሆነ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች ባብዛኛው ሊኑክስ ላይ አይሠሩም። ዙሪያ ጥምጥም ለመሄድ መሞከርም ከፈተና ሊያስወጣ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ የትምህርት ሶፍትዌር ካለም እንደዚሁ ነው። ዲስክሽን ከማጥፋትሽ በፊት ይህን አጣሪ። ሌላው ብዙም አያሳስብም። ዙም የሊኑክስ ፕሮግራም አለው። ማይክሮሶፍት ቲምስ በብሮውዘር ይሠራል። የዎርድና የኤክሴል ፋይሎች በነፃ በሚገኘው የቢሮ ፕሮግራም በሊብሬኦፊስ ይከፈታሉ። ሰንጠረዥና ሥዕል የበዛበት የዎርድ ሰነድ ግን አልፎ አልፎ ቅርጹ ይዛነፋል። ለአስተማሪ የምታስረክቢውን በፒዲኤፍ ላኪው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንግባ። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ፋይሎችሽን ወደ ውጭ ገልብጪ። ይህን ማንም ይላል። የሚረሳው ግን ዲስኩ የተቆለፈ መሆኑ ነው። ዊንዶውስ 11 ብዙ ማሽኖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ ማከማቻውን ያመሰጥራል፤ ቢትሎከር ወይም የመሣሪያ ምስጠራ ይባላል። ባዮስ (ሲስተሙ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተሽ አንዳንድ ነገር ስትነኪ፣ በተለይ ሴኪዩር ቡትን (ያልታመነ ሲስተም እንዳይነሣ የሚከለክለውን ጥበቃ) ስታጠፊ፣ ዊንዶውሱ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣ ባለ 48 አኃዝ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የልጆቿ ፎቶ ያለበት ላፕቶፕ ይዛልኝ መጣች። የሆነ ሰው ሊኑክስ «ልሞክርልሽ» ብሎ ባዮሱን ነካክቶታል። አካውንቱ ማሽኑን የከፈተላት ሰው ያወጣው ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያስታውስ ጠፋ። ፎቶዎቹ እዚያው ዲስክ ላይ ናቸው፣ ማውጣት ግን አልተቻለም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቬሲና ሴኪዩሪቲ» የሚለው ሥር የመሣሪያ ምስጠራውን ፈልጊና አጥፊው። ሥራውን እስኪጨርስም ጠብቂ። ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጻፊው።

ሁለተኛው ዝግጅት የመመለሻ መንገድ ነው። ዊንዶውስ ራሱ «ሪከቨሪ ድራይቭ» የሚሠራበት ፕሮግራም አለው። 32 ጊጋ ፍላሽ ስጪውና የሲስተም ፋይሎችን አብሮ እንዲያስቀምጥ ምረጪ። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ይህ በጣም ይጠቅማል። የታችፓድና የድምፅ ድራይቨራቸው (ሲስተሙ ዕቃውን የሚያሠራበት ፕሮግራም) በኋላ ከኢንተርኔት ሲፈለግ አንዳንዴ አይገኝምና።

ሊኑክስ በብዙ ዓይነት ነው የሚወጣው፤ የትኛውን ትጫኚ? ሰው በዚህ ጉዳይ ቀኑን ሙሉ ይከራከራል። ላንቺ ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ዓይነት ነው የምመክረው። ሚንት በሦስት ዓይነት ገጽታ ይወጣል፤ ቀላሉ ይሄ ነው። የሚንት 22 ተከታታይ እስከ 2029 የደኅንነት አፕዴት ያገኛል፣ ስለዚህ ትምህርትሽን እስክትጨርሺ ሌላ መጫን ላያስፈልግሽ ይችላል። ዝቅተኛ መስፈርቱ 2 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ ማከማቻ ነው። ሲነሣ ከራሙ 1 ጊጋ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይይዛል። አሁን ካለሽበት ጋር አወዳድሪው። ሉቡንቱ የሚባለው ሌላ ሊኑክስም ቀላል ነው፣ በሱ አልከራከርም።

ሁሉን ነገር ብሮውዘር ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ የሚባል የጉግል ሲስተምም አለ። 4 ጊጋ ራምና 16 ጊጋ ማከማቻ ይበቃዋል፣ ለመያዝም በጣም ቀላል ነው። የአንድሮይድ አፖችን ግን አይከፍትም፣ ያለ ኢንተርኔትም ብዙ አያሠራም። ለተማሪ ሚንትን እመርጣለሁ።

ፋይሉን ከሚንት የራሱ ገጽ ብቻ አውርጂ። ወደ 3 ጊጋ ገደማ ስለሆነ ከማውረድሽ በፊት ዳታሽን እይ። ሲያልቅ ገጹ ላይ ካለው የሻ256 ቁጥር (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳይ መለያ) ጋር አመሳክሪው። ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል መጫኑ መሐል ላይ ሲከሽፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ሰውየው ግን ላፕቶፑን ነው የሚረግመው። ፍላሹ ላይ የምትጽፊው ሩፈስ ወይም ባሌና ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ነው። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የሪከቨሪውን ፍላሽ እንዳትሰጪው ተጠንቀቂ።

እዚህ ጋ ኤስ ሞድ ያደናቅፍሻል። ኤስ ሞድ ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጭ የመጣ ፕሮግራም አያስከፍትም፣ ሩፈስንም እንዲሁ። ከስቶር ሆነሽ በነፃ መውጣት ትችያለሽ፤ ከወጣሽ መመለሻ የለውም፣ ግን ምንም አይቀርብሽም። ወይም ፍላሹን በጓደኛሽ ኮምፒውተር አዘጋጂው። ይሄኛው ይቀላል።

ከፍላሹ ለመነሣት የሚጫነው ቁልፍ እንደ አምራቹ ይለያያል። ሌኖቮና ዴል ላይ ባብዛኛው ኤፍ12 ነው፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ አሱስ ላይ ኤስኬፕ። ኤሰር ላይም ኤፍ12 ነው፤ ግን መጀመሪያ በኤፍ2 ባዮስ ገብተሽ እንዲሠራ መፍቀድ ሊኖርብሽ ይችላል። ቁልፉን ማጥመድ ካስቸገረሽ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ሆነሽ ሺፍት እንደያዝሽ «ሪስታርት» በይው። በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ዩዝ ኤ ዲቫይስ» የሚለውን መርጠሽ ፍላሹን ታገኚዋለሽ። ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት አያስፈልግሽም፤ ሚንት በሱ ውስጥ ያልፋል። የቆዩ ጽሑፎች «አጥፊው» ስለሚሉ ነው ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሚያጠፋው።

ከፍላሹ ሲነሣ ሚንት ሳይጫን ይከፈታል። ዲስክሽ ላይ ምንም አልተነካም። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዢልኝ ይህን ያዢ፦ «ኢንስቶል» የሚለውን ሳትነኪ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰዓት እዚያው ላይ ሥሪ። ውድ ላፕቶፖች ላይ ይህ ያን ያህል አያሳስብም። ርካሾቹ ላይ ግን አምራቹ በየጊዜው የተገኘውን ዋይፋይ ካርድና የድምፅ ቺፕ ነው የሚገጥመው። አንድ ዓይነት ሞዴል ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል። «እኔ ጋ ሠርቷል» የሚል ሰው ቢኖር ያንቺው ላይ ለመሥራቱ ዋስትና አይሆንም። የሚመሰክርልሽ የራስሽ ማሽን ብቻ ነው።

ከዋይፋይ ጀምሪ። እንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ የሪልቴክ 8821ሲኢ ካርድ በብዛት ይገኛል። ድሮ በሊኑክስ ስሙን ሲሰሙ ሰዎች ይማረሩ ነበር፤ ከከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 5.9 ወዲህ ግን ድራይቨሩ አብሮ ይመጣል። ሚንት 22 ከ6.8 ነው የሚነሣው። ኔትወርክሽ ከታየ ተገናኚና ቪዲዮ ክፈቺ፣ በየደቂቃው እየተቋረጠ እንደሆነም እይ። ጭራሽ ካልታየ ስልክሽን በዩኤስቢ ሰክተሽ ዩኤስቢ ቴተሪንግ ክፈቺ። ያለ ምንም ድራይቨር ወዲያው ኢንተርኔት ታገኚያለሽ፣ በሱም ለዋይፋዩ የሚያስፈልገውን ማውረድ ይቻላል።

ከዚያ ድምፅ። ስፒከሩንም፣ ማይኩንም፣ ኢርፎኑንም ለየብቻ ሞክሪ። ኢኤስ8336 የሚባል የድምፅ ቺፕ ያለባቸው ርካሽ ማሽኖች አሉ፣ ሊኑክስ ላይ በጣም ያስቸግራል። ድምፅ ጭራሽ ከሌለ «ከተጫነ በኋላ ይመጣል» ብለሽ ራስሽን አታባብዪ። ፍላሹ ላይ ያልሠራ ነገር ከተጫነ በኋላ ብድግ ብሎ ሲሠራ ማየት ብርቅ ነው። ካሜራውን ክፈቺ። የስክሪን ብርሃን መቀነሻውን ንኪ። ታችፓዱ በሁለት ጣት መንሸራተቱን እይ። ክዳኑን ዘግተሽ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ ክፈቺው፤ እንቅልፍ ገብቶ የማይነቃ ማሽን ክፍል ውስጥ ያሳቅቅሻል። የጣት አሻራ ማንበቢያ ካለው ላይሠራ ይችላል፣ ያለሱ መኖር ይቻላል።

ከፍላሽ ስለሆነ ፍጥነቱ ቀርፋፋ ነው። በዚያ እንዳትፈርጂው።

ሁሉ ነገር ካማረሽ ቻርጀር ሰክተሽ መጫኑን ጀምሪ። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ልቁም። የመጀመሪያው የኮዴክ (የቪዲዮና የድምፅ ፋይል መፍቻ) ጥያቄ ነው፤ ምልክት አድርጊበት፣ ቪዲዮና ሙዚቃ እንዲሠራልሽ። ሴኪዩር ቡት ካልጠፋ እዚሁ የይለፍ ቃል ሊያስወጣሽ ይችላል። ማሽኑ ሲነሣ «ሞክ ማኔጅመንት» የሚል ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ብዙ ሰው ቫይረስ መስሎት ይደነግጣል። «ኢንሮል ሞክ» በይና ያወጣሽውን የይለፍ ቃል አስገቢ፣ አለቀ።

ሁለተኛው ቦታ ዲስክ የምትመርጪበት ነው። «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውን ትመርጫለሽ፣ ግን የትኛውን ዲስክ? የቆዩ መመሪያዎች «ኤስዲኤ» የሚለው የውስጥ ዲስክ ነው ይላሉ። ኢኤምኤምሲ ባለው ማሽን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የውስጡ ስሙ በ«ኤምኤምሲ» ይጀምራል፤ «ኤስዲኤ» የሚለው የሰካሽው ፍላሽ ነው። በመጠኑም ለዪው፦ 58 ወይም 62 የሚል ቁጥር ያለው የውስጡ ነው። ከሱ ጎን «ቡት0» እና «ቡት1» የሚሉ ሚጢጢ ክፍሎች ብታዪ አትንኪያቸው። ሌላ ማንኛውም ሃርድ ዲስክ ወይም ሚሞሪ ካርድ ከማሽኑ ይነቀል።

ጨርሶ ሲነሣ «የሚነሣ ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ ሊመጣ ይችላል። አትደንግጪ፣ ሲስተሙ ተጭኗል። አንዳንድ ርካሽ ፈርምዌር (ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለው ማስነሻ ሶፍትዌር) የሚያውቀው የዊንዶውስን ማስነሻ ፋይል ብቻ ስለሆነ ነው። ባዮስ ገብተሽ የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ላይ «ኡቡንቱ» የሚለውን አንደኛ አድርጊው። ሚንት የተሠራው በኡቡንቱ ላይ ስለሆነ ስሙ እንደዚያ ነው የሚታየው። ኤሰር ላይ ግን አንድ እርምጃ ይጨመራል። መጀመሪያ የሱፐርቫይዘር የይለፍ ቃል ታወጪያለሽ፣ ከዚያ የሊኑክሱን ማስነሻ ፋይል የታመነ ብለሽ ትመዘግቢያለሽ። የይለፍ ቃሉን ጻፊው። ከጠፋብሽ ባዮሱ ይቆለፍብሻል።

ከተጫነ በኋላ ማድረግ ያለብሽ ጥቂት ነው። አፕዴቱን አስጨርሺ። ቀጥሎ ዚራም አስገቢ፣ እሱ ላንቺ ማሽን ትልቁ መድኃኒት ነው። ራም ሲሞላ ትርፉን ወደዚያች ቀርፋፋ ቺፕ ከማውረድ ይልቅ እዚያው ራም ውስጥ አጭቆ ያስቀምጠዋል። መጠኑን የራሙን ግማሽ አድርጊው። ሦስተኛው ታብ ላይ የነበረው መቆም በጣም የሚቀንሰው በዚህ ነው፣ ኢኤምኤምሲውም ብዙ ስለማይጻፍበት ዕድሜው ይረዝማል።

ቦታሽን ጠብቂ። የሶፍትዌር ማውጫው አንዳንዱን ፕሮግራም በሁለት መልክ ያቀርብልሻል፤ «ፍላትፓክ» የሚለው ብዙ ቦታ ይወስዳል። አማራጭ ካለ ሌላውን ውሰጂ። ታይምሺፍት የሚባለው የሲስተሙን ቅጂ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ጥሩ ነው፣ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ቅጂ በላይ እንዳይዝ ወስኚለት፤ አለበለዚያ በወር ውስጥ ዲስክሽን ይሞላዋል። ቪዲዮም በ720 ተመልከቺ። የዚህ ፕሮሰሰር ግራፊክስ ኤቪ1 የሚባለውን አዲሱን የቪዲዮ ዓይነት በራሱ መፍታት አይችልም፤ ሸክሙ ሁለቱ ኮሮች ላይ ይወድቃል። ቪዲዮ ሲንተባተብ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

አማርኛ ለመጻፍ አይቸግርሽም። የአማርኛ ኪቦርድ አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም በኩል ይጨመራል። ኪማን የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም የለመድሽ ከሆነም የሊኑክሱ አለ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ መመለስ ይቻላል ወይ ነው። ይቻላል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ አብሮ የተሸጠ ዊንዶውስ የፈቃድ ቁጥሩ ማዘርቦርዱ ፈርምዌር ውስጥ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ዲስኩን ብታጠፊው ቁጥሩ አይጠፋም። ባዘጋጀሽው የሪከቨሪ ፍላሽ ተነሥተሽ ትመልሺዋለሽ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል። ፍላሹን እንደሠራሽ አንድ ጊዜ ከሱ ተነሥተሽ የመመለሻው ገጽ ድረስ መግባቱን እዪ፣ ከዚያ ምንም ሳትነኪ ገጹን ዝጊው። ስም ለጥፈሽበት ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ሳትነኪው አስቀምጪው።

ዋይፋዩ ወይም ድምፁ ፍላሹ ላይ እምቢ ካለሽ ምንም ሳትጭኚ አቁሚ። ሚንት ሜኑ ውስጥ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የሚል አለ፣ የካርዱ ሙሉ ስም እዚያ ላይ ተጽፏል። እሱን ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።